ሴንሰሩ ተቀይሮ ያልጠፋው ኮድ፦ በናፍጣ ተሽከርካሪ ላይ የነዳጅ ሙቀት ሴንሰር መስመር ምርመራ

ለምርመራ የቀረበው ተሽከርካሪ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የተገጠመለትና በኮመን ሬይል ሥርዓት (ከፍተኛ ግፊት ያለው ነዳጅ በጋራ ቱቦ ለሁሉም ሲሊንደሮች በሚያደርስ) ናፍጣ የሚረጭ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነበር። የባለንብረቱ አቤቱታ አጭር ቢሆንም ግልጽ ነው፤ ጠዋት ሲነሣ ምንም እንከን አይታይበትም፤ ከሞቀ በኋላ ግን፣ በተለይ ሸካራ መንገድ ላይ ሲገባ፣ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራና ጉልበቱ ይቀንሳል። ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ ጉልበቱ ይመለሳል፤ መብራቱ ግን እንደበራ ይቆያል። ቀደም ሲል በሌላ ጋራዥ ኮዱ (የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ቁጥር) ተነቦ የነዳጅ ሙቀት ሴንሰሩ በአዲስ ተቀይሯል። ኮዱ ተሰርዞ መኪናው ከጋራዡ ከወጣ በኋላ ግን ያው ምልክት ተመለሰ።

በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ የተመዘገበው ኮድ ፒ0183 ነበር፤ ትርጉሙም በነዳጅ ሙቀት ሴንሰር መስመር ላይ የታየው ቮልቴጅ ከሚጠበቀው በላይ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ኮዱ የሚናገረው ስለ መስመሩ እንጂ ስለ ሴንሰሩ ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መስመሩ ሴንሰሩን፣ ሁለቱን ሽቦዎች፣ በመካከል ያሉትን የሽቦ ማገናኛዎች (ኮኔክተሮች) እና የኮምፒውተሩን የውስጥ ክፍል ሁሉ ያጠቃልላል። ኮዱ ሲመዘገብ አብረው የተያዙት መረጃዎች የማቀዝቀዣ ውሃው ሙቀት 86 ዲግሪ፣ የሚገባው አየር 34 ዲግሪ፣ የነዳጁ ሙቀት ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደነበረ ያሳያሉ። የመጨረሻው ቁጥር እውነተኛ ሙቀት ሊሆን አይችልም፤ ናፍጣ በዚያ ቅዝቃዜ ሰም ሠርቶ ፊልትሮውን ስለሚዘጋ ሞተሩ ጭራሹን አይሠራም ነበር። ይህ ቁጥር ኮምፒውተሩ የተቋረጠ መስመር ሲያይ የሚያሳየው የመለኪያው የታችኛው ጫፍ ነው።

የመስመሩ አሠራር

የነዳጅ ሙቀት ሴንሰር በአብዛኛው በከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ላይ ወይም በመልስ ነዳጅ ቱቦ ላይ የሚገጠም ባለ ሁለት ሽቦ ቴርሚስተር ነው። ሙቀቱ ሲጨምር የውስጥ ሬዚስታንሱ (በኦም የሚለካው ከረንትን የመቋቋም መጠኑ) ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት በራሱ የውስጥ ሬዚስተር አሳልፎ በሲግናሉ ሽቦ ወደ ሴንሰሩ ይልካል፤ ሴንሰሩም በሌላው ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ይመልሰዋል። ኮምፒውተሩ የሚያነበው በሲግናሉ ሽቦ ላይ የቀረውን ቮልቴጅ ነው። ነዳጁ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ፣ ሲሞቅ ደግሞ ዝቅ ይላል። መስመሩ ከተቆረጠ 5 ቮልት ያህል ይታያል፤ የሲግናሉ ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር ከተነካካ ደግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የኋለኛው የሚሰጠው ኮድ ፒ0182 ነው።

በዚህ ተሽከርካሪ ላይ የነበረው ዓይነት ቴርሚስተር በ20 ዲግሪ ወደ 2.5 ኪሎ ኦም፣ በ40 ዲግሪ ወደ 1.17 ኪሎ ኦም፣ በ60 ዲግሪ ወደ 595 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ወደ 323 ኦም ይደርሳል። የእነዚህን ቁጥሮች አወራረድ አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን መረጃ የሚፈልገው ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚሰፋና ስለሚቀጥን ነው። በ15 ዲግሪ የናፍጣ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ በአብዛኛው ከ820 እስከ 845 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ እፍጋቱ ወደ 0.7 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ኢንጀክተሩ ለተመሳሳይ ጊዜ ቢከፈትም የሞቀ ናፍጣ በክብደቱ ያነሰ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም የመርጫውን ጊዜ ያስተካክላል። ከዚህም ሌላ ከመጠን በላይ የሞቀ ናፍጣ ለፖምፓው የሚሰጠው ቅባትነት ስለሚቀንስ፣ ብዙ ሥርዓቶች የነዳጁ ሙቀት ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ጉልበት በመቀነስ ፖምፓውን ይከላከላሉ።

ምርመራው

የመጀመሪያው ፈተና መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ የሙቀት ንባቦችን ማወዳደር ነበር። ሁሉም ሴንሰሮች በአንድ የአካባቢ ሙቀት ውስጥ ስላደሩ ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። ስካነሩ (ከሞተሩ ኮምፒውተር መረጃ የሚያነበው መሣሪያ) የማቀዝቀዣ ውሃውን 20፣ የሚገባውን አየር 21፣ ነዳጁን ደግሞ 17 ዲግሪ አሳየ። የሦስት ዲግሪ ልዩነት ብዙዎቻችን «ደህና ነው» ብለን የምናልፈው ነው፤ ደግሞም በራሱ ብቻ ሲታይ ምንም አይደለም። እኔም በማስታወሻ ያዝኩት እንጂ ማስረጃ አላደረግኩትም።

ቀጥሎ የሴንሰሩ ኮኔክተር ተነቀለ። ንባቡ ወዲያው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሆነ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። በተነቀለው ኮኔክተር ሁለት ፒኖች መካከል መልቲሜትሩ 4.98 ቮልት አሳየ። ይህን ልኬት ሲያዩ «5 ቮልት መጥቷል፣ ኔጋቲቩም አለ፣ ስለዚህ ሽቦው ጤነኛ ነው» ብሎ መደምደም በጣም የተለመደ ነው። መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። መልቲሜትሩ ራሱ በውስጡ በአብዛኛው 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ሬዚስታንስ ስላለው በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከምንም የማይቆጠር ነው። ከረንት በሌለበት መስመር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ያለው የዛገ ንክኪ ምንም ቮልቴጅ አይጥልም፤ ስለዚህም አይታይም። በሌላ አነጋገር፣ ያልተጫነ መስመር ላይ የሚደረግ የቮልቴጅ ልኬት ሙሉ በሙሉ የተቆረጠን ሽቦ ያጋልጣል እንጂ የደከመን ንክኪ አያጋልጥም።

ከዚያ የኮኔክተሩ ሁለት ፒኖች በአጭር ሽቦ ተገናኙ። ይህ ከመደረጉ በፊት ሁለቱ ሽቦዎች በእርግጥ የሙቀት ሴንሰሩ መሆናቸው በሽቦ ሥዕላዊ መግለጫው ላይ ተረጋግጧል፤ በአቅራቢያው የግፊት ሴንሰር ካለ የእርሱን የ5 ቮልት ምንጭ ከኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት ሌሎች ሴንሰሮችን አብሮ ሊያጠፋ ይችላልና። ሽቦዎቹ ሲገናኙ ሬዚስታንሱ ዜሮ ስለሚሆን ስካነሩ ሊያሳይ ወደሚችለው የመጨረሻ ከፍተኛ ቁጥር መውጣት ነበረበት፤ በዚህ ተሽከርካሪ ላይ ይህ ከ130 ዲግሪ በላይ ነው። የታየው ንባብ ግን 83 ዲግሪ ነበር።

የዚህ ጉዳይ ወሳኝ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከዜሮ በታች 40 የነበረ ቁጥር ወደ 83 ሲዘልል ለሚያይ ሰው መስመሩ ምላሽ የሰጠ፣ ኮምፒውተሩም የሚያነብ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ተጠርጣሪ ሴንሰሩ ብቻ ይሆናል። ቀደም ሲል ሴንሰሩ የተቀየረው በዚህ መንገድ ታስቦ ይሁን ወይም ኮዱን በማየት ብቻ ለማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ፈተናው የሚጠይቀው ንባቡ መንቀሳቀሱን ሳይሆን ጫፍ መድረሱን ነው። 83 ዲግሪ ለዚህ ቴርሚስተር ወደ 300 ኦም የሚሆን ሬዚስታንስ ማለት ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከመስመሩ ውጭ ነበር። ስለዚህ ሴንሰር በሌለበት መስመር ውስጥ ወደ 300 ኦም የሚጠጋ ባዕድ ሬዚስታንስ ተቀምጧል።

ግምቱን በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ በሴንሰሩ ምትክ ዋጋቸው የታወቀ ሁለት ሬዚስተሮች በየተራ ተገጠሙ። በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስካነሩ 23 ዲግሪ ማሳየት ሲገባው 20 አሳየ። በ330 ኦም ሬዚስተር ደግሞ 79 ዲግሪ ማሳየት ሲገባው 58 ብቻ አሳየ። ስህተቱ በቅዝቃዜው በኩል ሦስት ዲግሪ፣ በሙቀቱ በኩል ግን ሃያ አንድ ዲግሪ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀደም ሲል ከተጠቀሱት ቁጥሮች ይታያል፤ 300 ኦም በ2,500 ላይ ሲጨመር ጥቂት ጭማሪ ነው፣ በ323 ላይ ሲጨመር ግን እጥፍ ሊያደርገው ይቃረባል። ያው አንድ ብልሽት መኪናው ሲቀዘቅዝ ይደበቃል፣ ሲሞቅ ይገዝፋል። ጠዋት የሚደረገው የንባብ ማወዳደር በተለምዶ የሚታመን ፈተና ቢሆንም፣ በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ብልሽቱ በጣም በሚያንስበት ሰዓት የሚደረግ ፈተና መሆኑ የሚዘነጋ ይመስለኛል። እውነተኛው ማወዳደሪያ ነዳጁ ሲሞቅ በውጭ ቴርሞሜትር የሚደረገው ነው።

ስለዚህ መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ የንክኪ ቴርሞሜትር ጫፍ በፖምፓው መልስ ነዳጅ ግንኙነት ብረት ላይ በደንብ ተጠግቶ፣ ከአየር እንዲከለልም ተሸፍኖ ታሰረ። ቴርሞሜትሩ 60 ዲግሪ ሲያሳይ ስካነሩ 48 ዲግሪ አሳየ። አዲስ የተገጠመው ሴንሰርም በዚያው ሙቀት ላይ ተነቅሎ ሲለካ ወደ 600 ኦም ሰጠ፤ ከሚጠበቀው ልክ አልወጣም።

የሚቀረው ባዕዱ ሬዚስታንስ ከሁለቱ ሽቦዎች በየትኛው ላይ እንዳለ መለየት ነው። የሲግናሉ ሽቦ ብቻ ከሞተሩ ብረት ጋር በአጭሩ ሲነካ ንባቡ ወዲያው ወደ ላይኛው ጫፍ ወጣ፤ በስካነሩም ላይ ፒ0182 ታየ። ይህ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል፤ የሲግናሉ ሽቦ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ንጹሕ ነው፣ ኮምፒውተሩም በትክክል ያነባል። ጥርጣሬው በሙሉ ወደ ኔጋቲቩ ሽቦ ዞረ።

ይህን ለመጨረሻ ጊዜ ለማረጋገጥ ሴንሰሩ ተገጥሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ነዳጁም በ60 ዲግሪ ላይ እያለ ልኬቶች ከኮኔክተሩ ጀርባ ተወሰዱ። በሴንሰሩ ሁለት ፒኖች መካከል 0.83 ቮልት፣ ከሲግናሉ ፒን እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ 1.24 ቮልት፣ ከሴንሰሩ ኔጋቲቭ ፒን እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ደግሞ 0.41 ቮልት ተገኘ። ጤነኛ የሴንሰር ኔጋቲቭ ሽቦ ከጥቂት ሚሊቮልት የበለጠ መጣል የለበትም። በሴንሰሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ወደ 1.4 ሚሊአምፔር ስለሆነ፣ 0.41 ቮልት በዚህ ሲካፈል እንደገና ወደ 300 ኦም ይሰጣል። ሦስት የተለያዩ መንገዶች ወደ አንድ ቁጥር ሲያደርሱ ከዚያ በኋላ ክፍል እየቀየሩ መሞከር አያስፈልግም፤ የሚቀረው ቦታውን ማግኘት ነው።

በስካነሩ ላይ የነዳጁ ሙቀት በግራፍ እየታየ የሽቦው ጥቅል ከሴንሰሩ ጀምሮ ወደ ኮምፒውተሩ አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ተነቀነቀ። በሴንሰሩ በኩል ግራፉ ዝም አለ። ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ባለው መካከለኛ ኮኔክተር ላይ ሲደረስ ግን የግራፉ መስመር ከ48 ወደ 30 ወረደ፣ ቀጥሎም በቅጽበት ከዜሮ በታች 40 ነካና ተመለሰ። የሽቦው ሥዕላዊ መግለጫም ይህን ይደግፍ ነበር፤ የነዳጅ ሙቀት ሴንሰሩ ኔጋቲቭ ከሌሎች ሴንሰሮች ጋር የሚጋጠመው ከዚህ ኮኔክተር በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ በኩል ነው። የሌሎቹ ሴንሰሮች ንባብ ትክክል የነበረው ለዚህ ነው። ብልሽቱ ከጋራው መጋጠሚያ በኋላ ቢሆን ኖሮ ብዙ ንባቦች በአንድ ላይ ይዛቡ ነበር።

የተገኘውና የተሠራው

ኮኔክተሩ ሲከፈት የጎማ መዝጊያው ከቦታው ተንሸራቶ ነበር፤ በውስጡም ቆሻሻ የያዘ እርጥበት አለ። በኔጋቲቩ መስመር ላይ ያለው ሴት ፒን በአረንጓዴና በነጭ የመዳብ ዝገት ተሸፍኗል፤ የሚይዝበት ምላሱም ስለላላ ወንዱን ፒን አያጠብቅም። በቀጥታ ከላዩ ያለው የነዳጅ ፊልትሮው ውሃ ማፍሰሻ ነው። ፊልትሮው ሲቀየርም ሆነ የተጠራቀመው ውሃ ሲፈስ ውሃና ናፍጣ የተቀላቀለበት ፈሳሽ በኮኔክተሩ ላይ ይንጠባጠብ እንደነበር በጥቅሉ ላይ የቀረው ምልክት ያሳያል። ናፍጣው ጎማውን ያለሰልሳል፣ ውሃው ደግሞ ይገባል።

የምልክቶቹ ቅደም ተከተልም ከዚህ ጋር ይገጥማል። የዛገው ንክኪ በተለመደው ጊዜ 300 ኦም ያህል ይጨምር ነበር፤ ይህ ንባቡን ያዛባል እንጂ ኮድ አያስነሣም፤ ምክንያቱም 48 ዲግሪ ለኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ሊታመን የሚችል ቁጥር ነው። ከፊልትሮው በታች ያለው ቦታ በሞተሩ ሙቀት ሲሞቅ ልቅ የሆነው ምላስ የበለጠ ይላላል፤ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ደግሞ ለቅጽበት ሙሉ በሙሉ ይለያያል። ፒ0183 የሚመዘገበው፣ ኮምፒውተሩም ምትክ ቁጥር ተጠቅሞ ጉልበት የሚቀንሰው በዚያን ጊዜ ነው።

ኮድ ባልነበረባቸው ሰዓቶች የደረሰውን ጉዳት በተመለከተ፣ የ12 ዲግሪ ስህተት በነዳጁ ክብደት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ወደ አንድ በመቶ ስለሆነ አሽከርካሪ በእግሩ የሚሰማው አይደለም። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላው ነው፤ ነዳጁ ከመጠን በላይ ቢሞቅ ኮምፒውተሩ ከእውነቱ በብዙ ዲግሪ ያነሰ ስለሚያይ ፖምፓውን የሚከላከልበት ወሰን ላይ በጊዜ አይደርስም። ኮዱ ባይመጣ ኖሮ ይህ ሁኔታ ሳይታወቅ ሊቀጥል ይችል ነበር።

ጥገናው ከምርመራው እጅግ ያነሰ ሥራ ነበር። ባትሪው ተነቅሎ፣ የኔጋቲቩ መስመር ወንድና ሴት ፒኖች ትክክለኛውን መቆንጠጫ በመጠቀም በአዲስ ተተኩ። የጎረቤቱ የሲግናል ፒን ቀላል እድፍ ብቻ ስለነበረው ሊጸዳ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ኮኔክተሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ለአንድ ፒን መቆጠብ ትርጉም ስለሌለው እርሱም ተቀየረ። በኮንታክት ስፕሬይ ብቻ አጽድቶ መዝጋት ለጊዜው ንባቡን ያስተካክል ነበር፤ የላላ ምላስ ግን በማጽዳት አይጠብቅም። አዲስ የጎማ መዝጊያ ተገጥሞ በላዩ ላይ ብቻ ቀጭን የሲሊኮን ግሪስ ተቀባ። ኮኔክተሩም ከማፍሰሻው ቀጥታ ሥር ተነሥቶ በጎን በኩል፣ ሽቦው ሳይወጠር ታሰረ፤ ለውሃ ማፍሰሻውም ፈሳሹን ከጥቅሉ አርቆ ወደ ታች የሚያወርድ ቱቦ ተገጠመለት።

ከጥገናው በኋላ ቀደም ሲል የተደረጉት ፈተናዎች ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ተደገሙ። ሁለቱ ፒኖች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ንባቡ እስከ ላይኛው ጫፍ ወጣ። በ330 ኦም ሬዚስተር 79፣ በ2.2 ኪሎ ኦም ደግሞ 23 ዲግሪ ታየ። ነዳጁ ሞቆ ቴርሞሜትሩ 61 ሲያሳይ ስካነሩ 60 አሳየ፤ ከሴንሰሩ ኔጋቲቭ ፒን እስከ ባትሪው የሚጣለው ቮልቴጅም ወደ 4 ሚሊቮልት ወርዷል። ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሞቆ በሸካራ መንገድ ሲነዳ የነዳጁ ሙቀት ግራፍ ያለ አንዳች መዝለል ቀጥ ብሎ ወጣ።

ባለንብረቱ ቀድሞ የተነቀለውን ሴንሰር ይዘውት ስለነበር እርሱም ተፈተሸ። ከቴርሞሜትር ጋር በሞቀ ውሃ ውስጥ ብረቱ ብቻ ተነክሮ በ20 ዲግሪ 2.48 ኪሎ ኦም፣ በ60 ዲግሪ 600 ኦም ሰጠ፤ በሁለቱም ነጥቦች ላይ ከሚጠበቀው ልክ ውስጥ ነው። በመለዋወጫነት እንዲያስቀምጡት ተነግሯቸው ከመኪናቸው ጋር ተመለሰላቸው።